ፈረንጁ እግሩን የታጠበበት ቤት

ከሰቆጣ ከተመለስኩ ወዲህ ሐዋሳ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ መንገዱ ነው። «ሰላም ነው? ምን በላሽ? የት አደርሽ?» ይለኛል። መናገር እጀምራለሁ፤ ገና ወልድያ ሳልደርስ የአንዱ ስልክ ይጮህና ወሬው ይቋረጣል። ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ጽፌው ልገላገል ብያለሁ። እናንተ ሐይቁን እያያችሁ አንብቡት። እዚያ ድረስ ትሄዳላችሁ ብዬ አልጠብቅም፤ ከሄዳችሁ ግን ጫማችሁን አስቀድማችሁ ፈትሹ።

እኔ የታሪክ መምህርት ነኝ። ድሮ አውሮፓውያን ስለ እኛ የጻፏቸውን የጉዞ መጻሕፍት አነባለሁ፤ በተለይ ስለ ወንዶቻችን የጻፉትን። «አንቺ ሴት ሆነሽ በወንድ ጉዳይ ምን አገባሽ?» የሚሉኝ አሉ። ያገባኛል እንጂ! በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ አገር ራሱ ጾታ አለው። የጸሐፊው አገር ሁልጊዜ ወንድ ነው፤ ቆራጥ፣ ደረቱን የነፋ፣ አልቅሶ የማያውቅ። የሄደበት አገር ደግሞ እንደ ጸሐፊው ፍላጎት ይለዋወጣል። ወታደር አድርጎ ሊቀጥረው ያሰበውን ሕዝብ «ጦረኛ፣ እውነተኛ ወንድ» ይለዋል፤ ሊገዛው ያሰበውን «ሴታሴት» ይለዋል። አንዱን ሕዝብ በአንድ ምዕራፍ ወንድ፣ በሚቀጥለው ሴት ያደረገ ጸሐፊም አጋጥሞኛል። ሳነብ ብቻዬን እጮሃለሁ፤ ጎረቤቶቼ ለምደውኛል።

ከእነዚህ ጸሐፊዎች አንዱ ጣሊያን ሊገባ ሲል በዋግ ያለፈ ሰው ነው። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ አለ። ጋቢውን ያጣፋ ቀጭን ሰው በድንጋይ ቤት ደጃፍ ቆሞ ካሜራውን ፊት ለፊት ያያል። ከሥሩ የተጻፈው ነው የሚያናድደው። ይህ ሰው በገዛ ቤቱ፣ በሚስቱ ፊት ተንበርክኮ እግሬን አጠበ ይላል። ወንዶቹ እንዲህ የሆኑ ሕዝብ ጌታ ያስፈልገዋል፤ የእኛ አገር ወንድ ግን ለማንም አይንበረከክም ይላል። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ሰው ስም የለም። «የዋግ ወንድ» ብቻ።

ፎቶግራፉን ክፍል ውስጥ ሳሳይ አንድ የክረምት ተማሪዬ ብድግ አለ። አሰፋ ይባላል፤ ራሱም ሰቆጣ ውስጥ መምህር ነው። መጽሐፉ ላይ የተጠቀሰውን የመንደሩን ስም አውቆት ነበር። በስልኩ አነሣውና አገሩ ሲገባ ለአንድ ሽማግሌ አሳያቸው። አያ ኪሮስ ይባላሉ። ገና ሲያዩት «አባቴ ነው!» አሉ። የአባታቸው ፎቶግራፍ በእጃቸው ገብቶ አያውቅም። በትልቁ አሳትሜ እንዳመጣላቸው፣ ከሥሩ የተጻፈውንም እሑድ በሰንበቴው ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት እንዳነብላቸው ላኩብኝ። ፈረንጅ አባታቸውን አመስግኖ የጻፈ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ኖሯል። ከሐዋሳ የተነሣሁት ይህን ጭንቅ ይዤ ነው፤ እኒህን ሰው በወዳጆቻቸው ፊት ምን ብዬ ላንብብላቸው?

ሐሙስ

ከወልድያ የሰቆጣው አውቶብስ ሲነሣ መቀመጫዬ በመስኮት በኩል ስለነበር እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ፎቶግራፉን ጠቅልዬ በፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ረዳቱ «እናት፣ ቧንቧውን ጣሪያ ላይ እንሰረው» ቢለኝ «ከቧንቧው ጋር እኔንም እሰረኝ» አልኩት። ሳቀና ተወኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቤት እየሠራሁ መስሏቸው የቧንቧ ሠራተኛ የሆነ የወንድማቸውን ልጅ ይነግሩኝ ጀመር። በሶ በጥብጠው በራሳቸው ኩባያ አጠጡኝ፤ ስሜን የጠየቁኝ ከዚያ በኋላ ነው።

መንገዱን እንዴት ልንገራችሁ? ከሐዋሳ ሻሸመኔ ስትሄዱ መሬቱ ተኝቶ ይጠብቃችኋል። እዚህ መሬቱ ቆሟል! አንዱን ተራራ ወጥተን አለቀ ስል ሌላው ከኋላው ብቅ ይላል፤ ከሥር ገደሉ፣ ከገደሉ ሥር እንደ ክር የቀጠነ ወንዝ። ሴትዮዋ ክንዴን ይዘው «አትዪው» አሉኝ። እኔ ግን ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። አቤት ውበት! እየፈራሁም በሆዴ እዘፍን ነበር።

ኬላ ላይ ወረድን። አንድ ወጣት ወታደር ቧንቧዬን አገላብጦ አየው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ፎቶግራፍ ነው።»

«በቧንቧ ውስጥ?»

አስከፈተኝ። ፎቶግራፉ በመኪናው አፍንጫ ላይ ሲዘረጋ ጓደኞቹም መጡ። «እህ! ወንድ ማለት ይኼ ነው! አቋቋሙን እዩልኝ!» አለ አንዱ። «አርበኛ ነበር፣ እህቴ?» አለ ሌላው። «ከሥሩ ምን ይላል?»

«ስለ እንግዳ አቀባበል ነው» አልኩ። ዋሸሁ ማለት አይቻልም፤ እውነቱንም አልተናገርኩም። ወታደሩ ፎቶግራፉን ከእኔ በተሻለ ጥንቃቄ ጠቅልሎ መለሰልኝ። ቀሪውን መንገድ ያሳለፍኩት ያንኑ መልስ እያኘክሁ ነው። ለአንድ ወታደር ደፍሬ ያልነገርኩትን ለሰውየው ልጅ ልነግር?

ዓርብ

ሰቆጣ ከተማ ገብቼ አደርኩ። ባጃጆቹ እንደ እኛው ሰማያዊ ናቸው፤ ልዩነቱ የሐዋሳው ባጃጅ ሜዳ ላይ ይንሸራተታል፣ የሰቆጣው ዳገት ላይ ያቃስታል። ያረፍኩበት ቤት ቧንቧው ውኃ አልነበረውም። ባለቤቷ ሳልጠይቃት ሙቅ ውኃ በጀሪካን ደጄ ድረስ አምጥታ «ተሐዋሳ መጥተሽማ ውኃ አይቸግርሽም፤ ሐይቅ ለቀሽ መጥተሽ!» ብላ አዘነችልኝ።

ምሳ ሰዓት የአበርገሌ ፍየል ዝናው ሐዋሳ ድረስ ይሰማል ብዬ ደረቴን ነፍቼ ጥብስ አዘዝኩ። አስተናጋጇ አፍጥጣ አየችኝ። በዙሪያዬ ያለው ሁሉ ማንኪያውን አቆመ።

«እህቴ፣ ዛሬ ዓርብ ነው እኮ።»

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ጾሙን ጭራሽ ረስቼዋለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ግን «እንግዳ ናት፣ እንግዳ ናት» እያሉ ሰውን ሁሉ አረጋጉልኝና ከራሳቸው ሽሮ ቆርሰው አጎረሱኝ። ከዚያ ነጭ ማር መጣልኝ። ስለዚህ ማር ብዙ ብናገር ሐዋሳ ያለው ማር ሻጭ ደንበኛዬ ይቀየመኛል፤ ልተወው።

ከሰዓት በኋላ ከአሰፋ ጋር ከተማውን ስንዞር የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ዳገቱ ላይ ቀረ። አሰፋ ሳቁን እየዋጠ ሱቅ ወሰደኝና ኮንጎ ጫማ ገዛሁ፤ ያ በልጅነታችን የምናውቀው ፕላስቲክ። የእሑዱን ነገር ያነሣንም እዚያው ሱቅ በር ላይ ነው።

«መምህርት፣ ለምን ትንሽ አያለሰልሱትም?» አለኝ። «‹ይህ ሰው ደግ ነው፣ እንግዳ ተቀባይ ነው› ይላል ብለው ያንብቡ። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እዚያ የለም። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ይሙቱ።»

ልክ ነህ ልለው ምንም አልቀረኝም። እንዲያውም ሐሳቡ ደስ አለኝ። ያን ቀን የተኛሁት አለስልሼ ላነብ ወስኜ ነው።

ቅዳሜ

በባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት ሄድን፤ የቀረውን በእግር። እዚህ ሰው «ይኸው፣ ደርሰናል» ሲል አንድ ተራራ ይቀራል ማለት ነው። መንገድ ላይ የምናገኛቸው ሰዎች ከአሰፋ ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ይሳለማሉ፤ ወደ እኔ ሲዞሩ ወደ አማርኛ ይገቡና ስለ እናቴ፣ ስለ ከብቶቼ ሁሉ ይጠይቁኛል። ከብት የለኝም። «ድመቴ ደህና ናት» አልኩ ለአንዱ። በቁም ነገር «እግዜር ይመስገን» አሉኝ።

ኮንጎው ተረከዜን ልጦት ነበር። እያነከስኩ የደረስኩበት ቤት ደጃፉ ራሱ የፎቶግራፉ ደጃፍ ነበር! ድንጋዩ ያው፣ መቃኑ ያው። ጮህኩ። አያ ኪሮስ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ምርኩዛቸውን የተደገፉ።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ተዚያ ሁሉ አገር!»

መደቡ ላይ አስቀመጡኝ። የልጅ ልጃቸው ሙሉጌታ ሙቅ ውኃ በገበቴ አመጣ። ወጣት ነው፣ ከሳውዲ ከተመለሰ ብዙም አልቆየ። እግር የማጠቡ ነገር አልገረመኝም፤ ብዙ ቤት አውቀዋለሁ። ሙሉጌታ ወይ ሚስቱ ያጥቡኛል ብዬ እግሬን አዘጋጀሁ። ሙሉጌታ ግን ገበቴውን አስቀምጦ ወደ ኋላ አለ። አያ ኪሮስ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ መደቡን ይዘው ቀስ እያሉ በጉልበታቸው ወረዱ።

«ኧረ በፈጣሪ! እርስዎማ አያጥቡኝም!» ብዬ እግሬን ስስብ ገበቴው ተገለበጠ። ውኃው በሙሉ የሽማግሌው ጋቢ ላይ።

አያ ኪሮስ ጋቢያቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ምን አደረግንሽ?» አሉኝ።

«እንዴት አባቴን የሚያህሉ ሰው ለእኔ ይንበረከካሉ ብዬ ነው እንጂ...»

«ፈረንጁ እንኳ እግሩን አልከለከለም።»

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ እንዲህ ልቤ ድረስ የዘለቀ ግን የለም። አሰፋ በጆሮዬ አስረዳኝ። በዚህ ቤት እንግዳን የሚያጥበው አባወራው ነው። ለሌላ ሰው ከተወው መምጣትሽን አላየሁም እንደ ማለት ነው። እግሩን የከለከለ እንግዳ ደግሞ ከቤቱ ጋር ጠብ አለው ማለት ነው፤ ጣራው ሥር አላድርም ብሏል። እኔ ያን ሁሉ ዓመት በፈረንጁ ላይ ስጮህ ኖሬ፣ የተንበረከከ ወንድ ሳይ ዓይኔ ያየው ፈረንጁ ያየውን ነው፤ የተዋረደ ሰው። በጣም አፈርኩ፤ በራሴም ተናደድኩ።

ሙሉጌታ ሌላ ውኃ አመጣ። እግሬን ሰጠሁ። የተላጠው ተረከዜ ሲነካ ከንፈሬን ነከስኩ። አያ ኪሮስ በለጋ ቅቤ ቀቡኝ። ከዚያ የዓርቡ ፍየል በቅዳሜ ደረሰልኝ፤ የማሽላ እንጀራ ላይ፣ ትኩስ፣ ስቡ የሚያብለጨልጭ። ሐዋሳ ዓሣ ስንበላ ሁላችንም ለአጥንቱ ስንጠነቀቅ ዝም እንላለን፤ እዚህ እየተጎራረሱ ሁሉም አንዴ ያወራል። ሽማግሌው ስለ ነገው ከማውራት አላቆሙም። «በቀስታ አንብቢው፣ ሁሉም እንዲሰማ» አሉኝ። እኔ አቀርቅሬ «እሺ» አልኩ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከትልቅ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ፎቶግራፉን አሰፋና ሙሉጌታ ዘርግተው ያዙት። ወዲያው ጩኸት ሆነ! «ጆሮውን እዩ፣ የኪሮስ ጆሮ!» «ቤቱ ያው! በሩ ያው!» አንዲት አሮጊት እልል አሉ። አያ ኪሮስ ቀርበው በጣታቸው የአባታቸውን ትከሻ ዳሰሱ። «እኔ ሳውቀው ጸጉሩ ሸብቶ ነበር» አሉ። «ወጣት ኖሯል።» እንባዬ መጣ።

«በይ አንብቢ።»

አሰፋ አየኝ። ለማለስለስ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቃሉን ሁሉ በሐሳቤ ጨርሻለሁ። አፌን ልከፍት ስል ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ፈረንጁ ይህ ሕዝብ ጌታ ያስፈልገዋል አለ። እኔ ደግሞ እውነቱን አይችሉትም ብዬ ለእርሳቸው ልወስንላቸው ነው። ከዚያ በምን ይለያል? ስለዚህ እንደ ተጻፈው አነበብኩት። ተንበረከከ የሚለውን፣ ጌታ ያስፈልገዋል የሚለውን፣ ሁሉንም።

ሙሉጌታ ፎቶግራፉን ለቀቀው። «ቅደጂው!» አለ። «ሳውዲ ጢም አብቅዬ፣ ልጅ ወልጄ፣ ‹አንተ ልጅ› ሲሉኝ ነው የኖርኩት። ቤቴ ድረስ ሊከተሉኝ ነው?» ወደ አያቱ ዞረ። «አባባ፣ ተዛሬ ጀምሮ ተቤታችን ማንም ወንድ ለማንም አይንበረከክ! ይኸው ምን እንዳሉን ሰሙ!»

ጥቂት ወጣቶች «እውነት ነው» አሉ። ፎቶግራፍ ላደርስ መጥቼ የአንድ ቤት ልማድ ላፈርስ ነው ብዬ ደነገጥሁ። አያ ኪሮስ ፊታቸው አልተለወጠም።

«ስለ እግሩ ምን ይላል?» አሉኝ።

«የማን እግር?»

«የፈረንጁ።»

«ምንም አይልም።»

«ስለ ልቅሶውስ?»

«የምን ልቅሶ?»

ጠላቸውን አስቀመጡ። «እንግዲያ ስሙ» አሉ። «ፈረንጁ በበጋ ተአበርገሌ በኩል በዚያ ሙቀት ሲመጣ ጫማው እግሩን በልቶት ነበር። የቀጠራቸው ሰዎች ትተውት ሄደዋል። አባቴ ጫማውን በቢላዋ ቀዶ ነው ያወጣለት። ውኃው ሲነካው ሰውየው አለቀሰ። ዝም ብሎ አይደለም፤ እንደ ሕፃን። አንዲት ቃል ደጋግሞ ይጣራል። እናቴ ማድጋውን ይዛ ነበር። ቋንቋውን አታውቅ፤ ግን እናቱን እንደሚጠራ አወቀች። ቤቱ ፈረንጅ ሊያይ በመጣ ጎረቤት ሞልቷል። አባቴ ተነሣና ሁሉንም አስወጣ። በሩን ዘጋ። ተመልሶ ተንበረከከ፣ ‹አልቅስ፤ አሁን ማንም አያይህም› አለው።»

አያ ኪሮስ ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ።

«አባቴ ይኼን ለማንም አልተናገረም፤ ለእኔም። የነገረችኝ እናቴ ናት፣ እሱን ቀብረን ስንመለስ። ሙሉጌታ፣ እንዲህ ያለውን መንበርከክ ነው ተው የምትለኝ?»

ከተቀመጡት አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ። «ለማንም አይንበረከክም ያለው ይኼው ነው!» እያሉ ጉልበታቸውን ይመታሉ። ሙሉጌታም መሬት ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀና ፎቶግራፉን አንሥቶ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ። እኔማ ከሁሉም በላይ! ብዕሬን መዝዤ እጽፋለሁ። ያን ሁሉ ዓመት የፈለግሁት መልስ ነው! ያ ደረቱን የነፋ አገር፣ ያ አልቅሶ የማያውቅ ወንድ፣ እዚህ ቤት ውስጥ እናቱን ሲጣራ!

«ልጄ» አሉ አያ ኪሮስ። «ታሪኩን ጻፊው። የሰውየውን ስም ግን አትጻፊ። አገሩንም።»

«ለምን? እሱ እኮ አባትዎን በዓለም ፊት ነው የሰደበ!»

«የልጅ ልጅ ይኖረው ይሆናል። ይኼኔ እሱም እንደ እኔ የአያቱን ፎቶ ይዞ ይኮራል። አባቴ የሸፈነውን ሰው እኔ አልገልጠውም።»

ተከራከርኩ። እንደ ሥራ ባልደረባዬ ተከራከርኳቸው፤ ስም የሌለው ታሪክ ማን ያምነኛል አልኩ፣ ማስረጃ ነው አልኩ፣ ግፍ ነው አልኩ። ተናግሬ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«የአባቴን ስም ግን ጻፊ» አሉኝ። «እሱ የሚሸፈን ነገር የለውም።»

ሰኞ

አሰፋ ከሥር ያለውን ጽሑፍ በመቀስ ሊቆርጠው ፈልጎ ነበር፤ አያ ኪሮስ ከለከሉት። ፎቶግራፉ ጽሑፉን እንደያዘ ከበሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ሙሉጌታ እስከ ባጃጁ ድረስ ሸኘኝ፤ ቁልቁለቱን ስንወርድ ዕቃዬን አላስያዘኝም። ተረከዜ አሁንም ያመኛል፤ ደስታዬ ግን ከሕመሙ ይበልጥ ነበር። መንገዱን ሁሉ ብቻዬን እየሳቅሁ መጣሁ፤ የወልድያ ተሳፋሪዎች ያበድኩ መስሏቸው ቦታ ሰጡኝ።

ሐዋሳ ስደርስ የሥራ ባልደረቦቼ የፈረንጁን ስም አውጪ ብለው ወጠሩኝ። አንዷ ጓደኛዬ እስካሁን አኩርፋኛለች። ስሙን የሚፈልግ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ይፈልግ፤ ከእኔ አይሰማም። በሩን የዘጋው ሰው ግን ታከለ ገብረኪዳን ይባላል።